የውበቱ ክምር

ከባሕር ዳር የተነሣሁት አያቴ ንጹሕ ሰው እንደነበር የሚያስረዳ ወረቀት ፍለጋ ነው። የላከችኝ እናቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ፋሲካ ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ሳለ የዘር ሐረጋችን በመጽሐፍ ይታተም ተባለ። ለያንዳንዱ አያትና ቅድመ አያት አንዳንድ ገጽ ተመደበ። የእናቴን አባት፣ የተገኘን ገጽ እንድጽፍ ለእኔ ተሰጠኝ። መድኃኒት ቤት ስለምሠራ፣ የሐኪም ጽሕፈት የምታነብ የማታነበው የለም ብለው ነው መሰለኝ።

ስለ ተገኘ የምናውቀው አንድ ታሪክ ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ ዳባት አጠገብ ጓሳ ሜዳ በምትባል መንደር፣ ውበቱ የሚባል ጎረቤት የእህል ክምሩ ተቃጠለበት። ውበቱ ከአያቴ ጋር የድንበር ቂም ነበረውና «ተገኘ እሳት ሲለቅ አይቻለሁ» ብሎ በሐሰት መሰከረ። አያቴ ጎንደር ወህኒ ቤት ወርዶ አምስት ዓመት ታሰረ፤ ወጣ፤ ትንሽ ኖሮ ሞተ። እኛ ቤት ልጅ አፉን ሲፈታ ከሚሰማቸው ስሞች አንዱ ውበቱ ነበር። የሚዋሽ ልጅ «አንተ ውበቱ!» ተብሎ ይሰደባል። እኔም ልጆቼን ሰድቤበታለሁ።

እናቴ ጥሩወርቅ ታሪኩ ከነስሙ እንዲጻፍ ፈለገች። ጠበቃው የአክስቴ ልጅ ግን «የሰው ስም ያለማስረጃ በመጽሐፍ አናወጣም። የልጅ ልጆቹ ቢከሱንስ?» አለ። እናቴ ወገቧን ከተሰበረች ወዲህ ከአልጋዋ አትርቅም። ያን ቀን ግን በክርኗ ተደግፋ ቀና አለችና «የወህኒ ቤት መዝገብ መቼም አይጠፋም። ሂጂና የውበቱን የሐሰት ምስክርነት ወረቀት አምጪልኝ» አለችኝ።

ሥራ፣ የመንገድ መዘጋት፣ ክረምት እያልኩ ቆየሁ። የሄድኩት ታኅሣሥ ላይ ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ማክሰኝት

መንገዱ ተከፍቷል በተባለ ማግስት በማለዳ ሚኒባስ ያዝኩ። ሾፌሩ ታሪፉን እጥፍ አድርጎ ጠየቀን። የተከራከረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከፍሎ ገባ።

ወረታ ድረስ የሩዙ ማሳ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። አዲስ ዘመንን ካለፍን በኋላ አገሩ ኮረብታ ኮረብታ ማለት ጀመረ። እንፍራንዝ ከመግባታችን በፊት ኬላ ላይ አስቆሙንና ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ ፀሐይ መትቶት ይታያል። መታወቂያዬን የተቀበለው ወጣት ወታደር ፊቴንና ፎቶውን አስተያየ።

«ወዴት ነሽ?»

«ጎንደር።»

«ለምን ጉዳይ?»

መዋሸት አልፈለግሁም። «ለወህኒ ቤት ጉዳይ» አልኩት።

«ማን ታሰረብሽ?»

«አያቴ።»

ሽበቴን አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እስካሁን አልፈቷቸውም?» አለኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ጉዞ ከልቤ የሳቅሁት እዚያ ላይ ነው።

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት የሽንብራ ነጋዴ ናት። ከሳቁ በኋላ ወሬ ጀመርን። የእሷም አያት ታስረው እንደነበር ነገረችኝ። «ሽፍታ ነበሩ አሉ፤ በረሃ ስንት ዓመት የተፈሩ» አለችኝ በኩራት፤ ስማቸውን ከነፈረስ ስማቸው ጠራችልኝ። የእኔ አያት በሐሰት የታሰረ መሆኑን ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች። «የሐሰት ምስክር ዘሩ አይባረክም» አለች። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ማክሰኝት የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በፍየልና በእህል ጆንያ ተዘግቶ ቆምን። የገና ጾም ነው። አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮና ተልባ በላን። ነጋዴዋ የእኔንም ከፈለች፤ ብለምናት አልሰማ አለች። «አያትሽን ስታስፈቺ ትከፍይኛለሽ» ብላኝ ከጆንያዎቹ መሐል ገብታ ጠፋች።

ጎንደር

ፒያሳ አጠገብ አንድ ፔንሲዮን አደርኩና በማግስቱ የድሮ መዛግብት ወደሚቀመጡበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ዘመድነቴን የሚያረጋግጥ የቀበሌ ደብዳቤ በቦርሳዬ ይዣለሁ። የተቀበለችኝ ሴት ጥርሷን አሟት ጉንጯን በሻርፕ አስራለች። የምትናገረው በአንድ ጎን አፏ ነው።

«አውራጃው?»

«ወገራ።»

«ጥፋቱ?»

«ምንም ጥፋት የለበትም። በሐሰት ነው የታሰረው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እመቤት፣ መዝገቡ የተደረደረው በጥፋት ዓይነት ነው። ጥፋት የሌለበት የሚል መደርደሪያ የለኝም» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ጥርሷ ነው።

«እሳት» አልኳት።

ረፋዱን ሙሉ ፈለግን። ወረቀቱ ጠርዙ ተበልቷል፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ዞሯል። የሰው ስምና የሰው ጥፋት እየገለጥኩ አለፍኩ። በሬ የሰረቀ፣ ወንድሙን በዱላ የመታ፣ ግብር ሰብሳቢ የደበደበ። እነዚህ ሁሉ ዛሬ የሆነ ቦታ የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ምን ተብሎ እንደተነገራቸው ማን ያውቃል እያልኩ ነበር። ስለ እኛ ቤት ግን እንዲህ ብዬ አላሰብኩም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ «ይኸው ተገኘ» አለችኝ።

ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ በእጄ ገለበጥኩት። አገሩ ወገራ፤ ሥራው አራሽ፤ ምልክቱ የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም። የአያቴ ጣት በማጭድ መቆረጧን እናቴ ስትናገር ሰምቼ ነው ያደግሁት። እሱ ነው። ጥፋቱ የሰው ክምር በእሳት ማቃጠል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው መስመር የምፈልገው ነበር፤ ምስክሩ።

«ተከሳሹ በገዛ ፈቃዱ ቀርቦ ጥፋቱን ስላመነ ምስክር አልተሰማም» ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። ሴትዮዋን አስነበብኳት። «ሌላ ወረቀት ይኖር ይሆን? ምስክሩ የተመዘገበበት?» አልኳት።

«አምኗል እኮ። ያመነ ሰው ምን ምስክር ያስፈልገዋል?» አለችና ጉንጯን ይዛ ወደ ምሳዋ ሄደች።

ውጭ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የማክሰኝቷ ነጋዴ በአያቷ ሽፍትነት ስትኮራ ያየሁት ትናንት ነው። አገራችን ለገዳይ ይዘፍናል፤ ለሽፍታ ይፎክራል። የጎረቤቱን የዓመት ምግብ ላቃጠለ ሰው ግን የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ነው ሌላ ታሪክ የተፈለገለት መሰለኝ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«አገኘሽው?»

«መዝገቡ ብዙ ነው እማዬ። ገና ነኝ።»

«በርቺ ልጄ። እግዜር እውነቱን ያውጣልሽ» አለችኝ።

ከዚያው ወደ ባሕር ዳር መመለስ እችል ነበር። «መዝገቡ ጠፍቷል» ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ ገጹም ባዶ ይቀር ነበር። ወደ ጓሳ ሜዳ ለመውጣት የወሰንኩት ለእውነት ተቆርቁሬ አይደለም። አያቴን የሚያድን ነገር ፍለጋ ነው። ተገድዶ አምኖ ይሆናል፤ ለሌላ ሰው ብሎ ታስሮ ይሆናል። ይህን ከዘመዶቼ መስማት እንደማልችል ገብቶኝ ነበር፤ እነሱ የሚያውቁት እኔ የማውቀውን ነው። መጠየቅ ያለብኝ የውበቱን ቤት ነበር።

ባዶ እጅ አይገባምና ከሰዓት በኋላ አዲስ ዓለም ሰፈር ወርጄ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ነጠላ ጠየቅሁ። ባለ ሱቁ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ሱቁ ከአባታቸው የወረሱት ነው።

«ለደስታ ነው ለሐዘን?» አሉኝ፣ ጥለቱን ለመምረጥ።

«አላውቅም ሐጂ» አልኳቸው። «በእኛና በነሱ መካከል የቆየ ነገር አለ። ወደ ቤታቸው ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።»

አሰብ አደረጉና ከላይኛው መደርደሪያ ጥለቱ ነጭ በነጭ የሆነ አወረዱ። «ይህ ለየትኛውም ይሆናል» አሉኝ። ሲጠቀልሉልኝ «የቆየውን አላህ ያቅልልሽ» ብለው መረቁኝ።

ወደ ዳባት

ከጎንደር ስንወጣ ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ገና ዕቃቸውን እየደረደሩ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ መውጣት ብቻ ነው። ኮሶዬ ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ሲቆም ወርጄ ቁልቁል ተመለከትኩ፤ ገደሉ ሥር ያለው ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ የሌለ ይመስላል። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ ሹራቤን አልፎ ገባ።

አጨዳው አልቋል። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት በየአውድማው የገብስና የስንዴ ክምር ቆሟል፤ አናቱ ሾጠጥ ብሎ ከጎጆ የሚበልጥ። ሌላ ጊዜ ባየሁት ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ሳይ፣ በዚህ ነፋስ አንድ ክብሪት በቂ ነው እያልኩ አለፍኩ። ዓመት ሙሉ ታርሶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶ፣ የቆመው አንድ ቦታ ነው። እሱ ከተቃጠለ ለቤቱ የሚተርፍ ሌላ ነገር የለም። ይህን እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም። በእኛ ታሪክ ውስጥ ክምሩ የውበቱ ውሸት መጀመሪያ ነበር እንጂ የሰው እንጀራ አልነበረም።

ከዳባት በባጃጅ እስከ ጥርጊያ መንገዱ መጨረሻ ሄድኩና የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ጓሳ ሜዳ የተቀበለኝ የእናቴ ወንድም ልጅ ሙላት ነው። ጠላና የተቀቀለ ድንች ቀረበልኝ። ስለ እናቴ ወገብ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ አወራን። በመጨረሻ «ነገ ጠዋት ወደ ውበቱ ቤት ውሰደኝ» አልኩት።

«ምነው? ምን ገዶሽ?»

«የምጠይቃቸው አለ።»

ሙላት ጢሙን አሻሸ። መንደሩን ትንሽ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የውበቱ ዘሮች ማዶ ናቸው። ሰንበቴያቸው ሌላ፣ እድራቸው ሌላ ነው። በልቅሶ አንገናኝም፤ በሰርግም አንጠራራም። «እስከ ወንዙ አደርስሻለሁ» አለኝ። ቃሉን ጠብቆ በማግስቱ እስከ ወንዙ አደረሰኝ። እዚያ ሲደርስ ቆመ፤ በዱላው ቤቱን አሳየኝና ዞሮ ተመለሰ። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም።

ወንዙ ማዶ

የውበቱ ልጅ ያልጋነሽ ከቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ ፀሐይ ትሞቃለች። በሰፌድ ላይ ስንዴ ትለቅማለች። ከእናቴ ጋር እኩያ ትሆናለች፤ ግን ወገቧ ቀጥ ያለ ነው። ሰላምታ ሰጠኋትና ማንነቴን ተናገርሁ።

«የተገኘ የልጅ ልጅ ነኝ። የጥሩወርቅ ልጅ።»

እጇ ስንዴው ላይ ቆመ። ከዚያ ከጎኗ ያለውን መደብ በነጠላዋ ጠረገችልኝ። «ተቀመጪ» አለችኝ።

ተቀመጥሁ። የጎንደሩን ነጠላ ጉልበቷ ላይ ባኖርላት አልገለጠችውም።

«እማማ፣ ስለ አያቴ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ስለዚያ እሳት።»

«የሞተን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ? ተይው» አለች፤ ስንዴዋን መልቀም ጀመረች።

«አባትዎ መስክረውበት ነው የታሰረው ሲባል ነው ያደግሁት።»

«እኔም ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ አልመሰከሩም?»

ጠጠር ታወጣለች፣ ትጥላለች። ሌላ ጠጠር ታወጣለች። «ምነው ዝም አሉኝ?» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ብሏል።

«ልጄ፣ ግዝት አለብን» አለች በእርጋታ። «ስለዚያ እሳት ከዚህ ቤት ቃል እንዳይወጣ ቄስ ገዝቶናል። አባቴ ግዝቱን ይዞ ሞተ፤ ወንድሜ ይዞ ሞተ። እኔም ይዤው ልሞት ነው።»

ቦርሳዬን ከፍቼ የገለበጥኩትን ወረቀት አወጣሁ። ማንበብ እንደማትችል ገመትኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አገሩን፣ የሌለችውን ጣቱን፣ ጥፋቱን፣ «በገዛ ፈቃዱ ቀርቦ» የሚለውን። ስጨርስ ሰፌዱን ከጉልበቷ አውርዳ መሬት አስቀመጠች።

«አንቺ አነበብሽው እንጂ እኔ አልተናገርኩም» አለች። «ይኸን ምስክር ትሆኝኛለሽ?»

«እሆናለሁ።»

«እንግዲያው ያንቺን ወረቀት ልጨርስልሽ።»

እንዲህ ነገረችኝ። ድንበሩን ዳኛ ለውበቱ ፈርዶ ነበር። በዚያው ሰሞን ተገኘ ክምሩ ላይ እሳት ለቀቀ። ክምር እንጂ ሰው አቃጥላለሁ ብሎ አልነበረም። ውበቱ ግን ነዶ ላተርፍ ብሎ ገባና እጁ ተቃጠለ፤ የቀኝ ጣቶቹ ተጣብቀው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ እርፍ መጨበጥ አልቻለም። ተገኘ ይህን ሲሰማ ማንም ሳይጠረጥረው ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ።

«እኛ በዚያ ዓመት የምንበላው አልነበረንም። አባቴ ሁላችንን ይዞ ለቀን ሥራ ቆላ ወረደ። ታናሽ ወንድሜን ወባ ገደለው። ጡት አልጣለም ነበር፤ እዚያው ቀበርነው» አለች። ይህን ስትናገር ድምጿ አልተለወጠም፤ የኔን ፊት ግን ታያለች።

ተገኘ ከወህኒ የተፈታ ዕለት መጀመሪያ የሄደው ወደ ቤቱ አይደለም። ወደ ውበቱ ቤት ነው። ያልጋነሽ ደጅ ገብስ ስታሰጣ አየችው። የንስሐ አባቱ ቄስ ከፊት፣ እሱ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከኋላ። ውበቱ ምሳ ላይ ነበር። ብዙ አቆመው። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ተገኘ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ውበቱ ተነሣና በዚያ በተጣበቀ እጁ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደለት።

«አያ ተገኘ አንድ ነገር ለመነ» አለችኝ። «ልጆቼ ይኸን ሳይሰሙ ላሳድጋቸው ብሎ። አባቴም እሺ አለ። ልጆቹ ምን አደረጉ ብሎ ነው። ቄሱ ሁለቱንም ቤት ገዘቱ። በዚሁ አለቀ ብለን ነበር።»

አላለቀም። አምስቱን ዓመት ሴት አያቴ ልጆቿን ያሳደገችው «አባታችሁ በውበቱ የሐሰት ምስክር ነው የታሰረው» እያለች ነበር። ተገኘ ቤቱ ሲገባ ይህን ታሪክ አገኘው፤ አላስተባበለም። ውበቱ ስሙ ሲጠፋ ሰምቶ ቄሱ ዘንድ ሄደ፤ ልናገር ወይ ብሎ። ቄሱ ግዝት ግዝት ነው አሉት። ከዚያ ቄሱም ሞቱ፤ የሚፈታው ጠፋ።

«አያቴስ ምነው ዝም አለ?» አልኳት። ይህን ስጠይቅ እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ፈራ። ወህኒን ያልፈራ ሰው ልጆቹን ፈራ። መንገድ ላይ አባቴን ሲያገኝ ከበቅሎው ይወርድለት ነበር። ሰው ሲያይ አይወርድም።»

ከዚያ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። ጥሩዬ ብላ ነው የጠራቻት፤ እኛ ቤት እንዲህ የሚጠራት የለም። ሁለቱ ባልንጀሮች ነበሩ። ውሃ አብረው ይወርዱ ነበር፤ ቁንጮአቸውን በአንድ ቀን ነው የተላጩት። ተገኘ ከታሰረ በኋላ እናቴ ማዶ እንዳትሻገር ተከለከለች። ሴት አያቴ የሞተች ጊዜ ግን ያልጋነሽ ቂም ይብቃ ብላ ወንዙን ተሻግራ ለልቅሶ መጣች።

«ጥሩዬ ከለቀስተኛው መሐል ተነሥታ ክንዴን ያዘችኝ። ልታቅፈኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «የሐሰተኛ ልጅ እናቴን አታለቅሽባትም አለችኝ። ሰው ሁሉ እያየ አስወጣችኝ። መናገር እችል ነበር እኮ። አባትሽ እዚህ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ ነበር ማለት እችል ነበር። ዝም ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ወንዝ አልተሻገርኩም።»

ወርጄ ጉልበቷን ልስም ስል ትከሻዬን ይዛ አነሣችኝ። «አንቺ ምን አደረግሽ? ተነሺ» አለች። ባዶ ሆዴን እንዳልመለስ ብላ ከዚያ ከለቀመችው ስንዴ ቆልታ አበላችኝ። ስሰናበታት «ለጥሩዬ ምን ልበልልዎት?» ብያት ነበር።

«ስሞት ለልቅሶዬ እንዳትመጣ» አለች። «የምትመጣ ከሆነ በቁሜ ትምጣ።»

ወንዙ ዳር ሙላት ይጠብቀኝ ነበር። እየሄድን ነገርኩት። አላቋረጠኝም፤ አልተከራከረኝምም። ቤቱ ልንገባ ስንል ብቻ ቆመ። «አምና በሬዬ ገደል ሲንጠለጠል ጮኸው የጠሩኝ የውበቱ ልጅ ልጆች ናቸው። በገመድ አብረን አወጣነው። እግዜር ይስጥልኝ ሳልላቸው ተመለስኩ» አለ። ከዚያ ደግሞ «ስንት ልቅሶ ቀረንባቸው» ብሎ ገባ።

ባሕር ዳር

መንገዱ እንደገና ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ስለነበር ዳባት ላይ ሳልውል ተመለስኩ። ማክሰኝትን ሳልፍ ገበያው ተበትኖ ሜዳው ባዶ ነበር። ስሄድ ነጋዴዋ የሐሰት ምስክር ዘሩ አይባረክም ስትለኝ ራሴን መነቅነቄ ትዝ አለኝ። በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከትኩ።

እናቴ ትራሷን ተደግፋ ጠበቀችኝ። ወረቀቱን አነበብኩላት፤ ያልጋነሽ የነገረችኝንም ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ልቅሶው ላይ ስደርስ እጇን አነሣችና አስቆመችኝ።

«እናቴ ዋሽታኛለች ልትዪኝ ነው?»

«አያቴም ዝም ብሏል እማዬ።»

«ወረቀት የጻፈው ሰው ነው። ሰው ይሳሳታል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ቀንና በማግስቱ አላናገረችኝም። ምግቧን ከሠራተኛዋ ተቀበለች እንጂ ከእኔ አልተቀበለችም።

በሦስተኛው ቀን መድኃኒቷን ሳቀርብላት ተቀበለችኝ። ውሃውን ጠጥታ ብርጭቆውን መለሰችልኝና «ያልጌ ጥርሷ አለ?» አለችኝ።

«ከፊት ያሉት አሉ።»

«ወተት ትወድ ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

የአያቴን ገጽ ጽፌ ለጠበቃው ላክሁ። የጎረቤቱን ክምር አቃጠለ፤ ሰው መጎዳቱን ሲሰማ እጁን ሰጠ፤ ታሰረ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ለመነ፤ ይቅር ተባለ። ውበቱን በስሙ ጠቀስኩ፤ ይቅር ያለው እሱ መሆኑን ጻፍኩ። የሄድኩት አያቴ ጥፋት እንደሌለበት ለማስረዳት ነበር። የእሱ ጥፋት ተመዝግቧል፤ ተቀጥቷል፤ ታርቋል። ከዚያ ወዲህ እኛ በውበቱ ልጆች ላይ ያደረግነውን ግን የመዘገበው የለም፤ እኛም ጥፋት መሆኑን ሳናውቅ ሥራዬ ብለን ለልጆቻችን አስተማርነው። ገጹ ውስጥ ይህንንም ጨመርኩት። ጠበቃው «ይህ ስለ ተገኘ አይደለም» ብሎ ሊያወጣው ፈለገ፤ እንዳይነካው ነገርኩት።

መንገዱ እንደተባለው ተዘጋ። ቢከፈትም የእናቴ ወገብ ዳባት የሚያደርስ አይደለም። ያልጋነሽ ስሰናበታት ቁጥሩን የሰጠችኝ ልጇ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ዳባት ሲወርድ ስልኩ ይሠራል። የምታናግራት እናቴ መሆኗን ሳልነግረው፣ አንድ ቅዳሜ እናቱን በበቅሎ ይዞ እንዲወርድ ለመንኩት፤ እሺ አለ። ደወልኩ። ያልጋነሽ መስመሩ ላይ ስትገባ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችው።

«ማን ልበል?» አለች ያልጋነሽ። ድምጿ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

እናቴ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አቤት? ማን ልበል?»

እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች። እንደምትናገር ጠብቄ ነበር። ያልጋነሽ አጠገቧ ላለው ልጇ «አይሰማም፣ መስመሩ ነው መሰል» አለችው፤ ከዚያም ተዘጋ።

እናቴ ስልኩን ወዲያው አልመለሰችልኝም። ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ድምጿ አርጅቷል» አለችኝ።